ባለ 24 ቃሉን የዋሌት ምስጢር ለሦስት ከፍሎ ስለማስቀመጥ

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። የቢትኮይን ዋሌቴ ባለ 24 ቃል ምስጢር (ገንዘቡን የሚከፍቱት ቃላት) አንድ ወረቀት ላይ ብቻ መኖሩ እንቅልፍ ነሥቶኛል። በሦስት ካርድ ላይ 16፣ 16 ቃል ጽፌ አንዱን ቤቴ፣ አንዱን እህቴ ዘንድ፣ አንዱን መሥሪያ ቤት ባኖር፣ የትኞቹም ሁለቱ ሲገናኙ ሙሉው ይገኛል ብዬ አስቤ ነበር። ጓደኛዬ ግን በሊኑክስ ተርሚናል ኤስኤስኤስኤስ (ssss) በተባለው፣ ምስጢርን ወደ ድርሻዎች በሚከፍል ፕሮግራም ክፈለው ይለኛል። ልዩነቱ ምንድን ነው? በሐሰተኛ ቃላት ስሞክረው ደግሞ ከ128 ፊደል በላይ አልቀበልም አለኝ።

መልስ 1፦ በሐሰተኛ ቃላት መሞከርዎ ደግ አድርገዋል። እያንዳንዱ ቃል ከ2048 ቃላት መካከል የሚወጣ በመሆኑ 11 ቢት ይይዛል (አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር ለመገመት የሚያስፈልገው ሙከራ እጥፍ ይሆናል)። አንዱን ካርድ ያገኘ ሌባ የሚጎድሉት 8 ቃላት፣ ማለትም 88 ቢት ሲሆኑ፣ 8ቱ ቢት ለማረጋገጫ (ቃላቱ በትክክል መጻፋቸውን ለመፈተሻ) የተመደቡ ስለሆኑ ከ256 ቢት ጥበቃዎ የሚቀረው 80 ብቻ ነው። ይህ ዛሬም ቀላል አይደለም፤ ባለ 12 ቃል ዋሌትን በዚሁ መንገድ ቢከፍሉት ግን የሚቀረው 40 ቢት፣ ማለትም አንድ ትሪሊዮን ገደማ ሙከራ ስለሚሆን፣ ጥሩ ግራፊክስ ካርዶች ያሉት ሰው ይደርስበታል። ኤስኤስኤስኤስ የሚጠቀምበት፣ አዲ ሻሚር እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው ዘዴ ከዚህ ይለያል፦ ምስጢሩ በአንድ መስመር ውስጥ ይደበቅና እያንዳንዱ ድርሻ የመስመሩ አንድ ነጥብ ይሆናል፤ በሁለት ነጥቦች የሚያልፈው ቀጥተኛ መስመር አንድ ብቻ ሲሆን፣ በአንድ ነጥብ ግን ስፍር ቁጥር የሌለው መስመር ያልፋልና፣ አንድ ድርሻ ብቻ የያዘ ሰው ከርዝመቱ በቀር ስለ ምስጢሩ የሚያውቀው ነገር የለም።

መልስ 2፦ ስለ 128ቱ ፊደል ልመልስ። የእንግሊዝኛው የቃላት ዝርዝር የተሰናዳው እያንዳንዱ ቃል በመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ብቻ እንዲለይ ተደርጎ ስለሆነ፣ አራት አራቱን ብቻ ቢያስገቡ 96 ፊደልና 23 ክፍት ቦታ፣ በድምሩ ቢበዛ 119 ይሆናል። ቲ (ለመክፈት የሚያስፈልጉት ድርሻዎች) 2፣ ኤን (የድርሻዎቹ ጠቅላላ ብዛት) 3 ብለው ይክፈሉት። ሥራውን ቴይልስ (Tails) የተባለውን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ዱካ የማይተው ሊኑክስ ከፍላሽ አስነሥተው፣ ኔትወርክ አቋርጠው ይሥሩ፤ ቃላቱንም ፕሮግራሙ ሲጠይቅዎ እንጂ ከትእዛዙ ጋር በአንድ መስመር አይጻፉ፣ ተርሚናሉ በታሪክ ማኅደሩ ያስቀራቸዋልና። ድርሻዎቹን በእጅ ይገልብጡ፤ በስልክ ፎቶ ማንሣት ልፋቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

መልስ 3፦ እኔ በዚህ ፕሮግራም ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ድርሻው ማረጋገጫ ስለሌለው፣ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ስሕተቱ የት እንዳለ ሳይነግርዎ ትርጉም የለሽ ጽሑፍ ያወጣል። ስሊፕ 39 የሚባለው ደረጃ ድርሻዎቹን በ20 ወይም በ33 ቃላት፣ ከነማረጋገጫቸው ያወጣል፤ ሆኖም ለዚያ በአብዛኛው አዲስ ዋሌት ከፍተው ገንዘቡን ማዛወር ይኖርብዎታል። ባሉበት ከቀጠሉ ግን ወረቀቱን ከማጥፋትዎ በፊት ሦስቱንም ጥንድ ይፈትሹ፤ በየካርዱም ላይ የፕሮግራሙን ስምና ስንት ካርድ እንደሚያስፈልግ ይጻፉ፣ እህትዎ ይህን በምን ታውቃለች?

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስቱንም ጥንድ ፈተሽሁ፤ አንደኛውና ሁለተኛው ሠሩ፣ ሦስተኛው የገባባቸው ሁለቱ ግን ዝባዝንኬ አወጡ። ለካ ቢ የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል 6 አስመስዬ ጽፌያት ኖሯል። ካርዱን አቃጥዬ እንደገና ጻፍሁት፤ አሁን ሦስቱም ጥንድ ይሠራሉ።