የሰፈር ልጆችን እንጦጦ ማውጣት፤ ብር ለሌለው ምን ይመከራል?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። ቂርቆስ አካባቢ ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆችን በነጻ አስጠናለሁ። እንጦጦን በየቀኑ ከሩቅ ያዩታል እንጂ ብዙዎቹ ረግጠውት አያውቁም። ሃያ ያህሉን ለአንድ ቀን ጫካ ላወጣቸው ነው። መናገሻ ሱባን አስቤ ነበር፤ የኮንትራት መኪናው ዋጋ ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ። ምን ትላላችሁ?

አንድ መምህር፦
ወንድሜ፣ መናገሻን ለሌላ ጊዜ አቆየው። የጽድ ዛፉና ጉሬዛው በጣም ደስ ይላል፤ ግን ከከተማ ውጭ ስለሆነ ያለህን ሁሉ መኪናው ይበላዋል። በአውቶቡስ ሽሮ ሜዳ ድረሱ፣ ከዚያ በእግር እንጦጦ ውጡ። አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ትንፋሽ ያጥራል። አስም ያለበት ልጅ ካለ አስቀድመህ እወቅ። ፍጥነቱን ከኋላ የቀረው ልጅ ይወስን። ከ9 ሰዓት በፊት መውረድ ጀምሩ፤ ሲመሽ ጅብ አለ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ቀኑን ከመቁረጥህ በፊት ሴቶቹን ጠይቃቸው። ቅዳሜ ልብስ ማጠቡም፣ ገበያውም፣ ታናናሾችን መያዙም እነሱ ላይ ነው። ካልጠየቅክ ወንዶቹ ብቻ ይመጡልሃል። ፈቃዱንም በወረቀት አትጨርሰው። ቤት ለቤት ሄደህ እናቶችን አነጋግር። ማን አብሯቸው እንደሚሄድ፣ ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ከአፍህ መስማት ይፈልጋሉ። አንዲት እናት አብራችሁ ከሄደች ሌሎቹም ይፈቅዳሉ።

አስጎብኚ፦
ሸራ ጫማ ይበቃል። ነጠላ ጫማ ብቻ ያለው ልጅ ግን ያፍርና ይቀራል፤ ምክንያቱንም አይነግርህም። የእግራቸውን ቁጥር ለየብቻ ጠይቀህ ተዋስላቸው። ሹራብ ይያዙ፣ ላይ ይበርዳል። ስንቁ ቆሎ፣ ዳቦና ሙዝ ይሁን፤ ጾመኛውም ሙስሊሙም እኩል ይበላል። ክረምቱ ይለፍ፣ ከጥቅምት በኋላ ይሻላል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ውስጥ ይግቡ ወይስ ይቅርባቸው?

አስጎብኚ፦
ይግቡ እንጂ፣ የእነሱም ነው። ዚፕላይኑና ፈረሱ ግን በክፍያ ስለሆነ እያዩ እንዳይሳቀቁ በጫካው መንገድ ውሰዳቸው። ሌላ ቀን ደግሞ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከልን ሞክሩ። በደብዳቤ ጠይቅ፤ አገር በቀሉን ዛፍ ከባህር ዛፉ ለይቶ የሚያሳያቸው ባለሙያ ቢያገኙ ትልቅ ነገር ነው።

ጠያቂ፦
እሺ፣ ከእናቶቹ እጀምራለሁ። 40 እና 41 ቁጥር ሸራ ጫማ የምታውሱኝ ካላችሁ ጻፉልኝ። አብራን የምትወጣ እህት ብትገኝም ደስ ይለኛል።