በአክባር ዘመን ሥዕል ግርጌ ሁለት ስም ለምን? አረንጓዴውስ ለምን ወረቀት ይበላል?

ሰሎሜ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለውን የአክባርናማ (የህንዱ የሞጎል ንጉሥ የአክባር ታሪክ መጽሐፍ) ቅጂ በፎቶ እያየሁ ነው። ከሥዕሎቹ ግርጌ በቀይ ቀለም የሁለት፣ አንዳንዴም የሦስት ሰው ስም ተጽፏል። ታዲያ ሠዓሊው የትኛው ነው? ሌላም አለ፤ በአንዳንድ የሞጎል ሥዕሎች አረንጓዴው ቡናማ ሆኖ ወረቀቱን ሲበላው ሰማያዊው ግን ገና ትናንት የተቀባ ይመስላል። ምክንያቱን የምታውቁ ብትነግሩኝ።

ባሕረ ቀለም፦ ስሞቹን የጻፉት የንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ጸሐፊዎች እንጂ ሠዓሊዎቹ አይደሉም። «ታርህ» ከሚለው ቃል ጋር ያለው ስም ንድፉን ያወጣው ሰው ነው፤ «አማል» የሚለው ቀለሙን የቀባውን ያሳያል። ሦስተኛ ስም ካለ አብዛኛውን ጊዜ ፊት ብቻ የሚሥል ባለሙያ ነው። አክባር ሃዋይ በተባለው ዝሆን ላይ ተቀምጦ የሚታይበትን ሥዕል ይመልከቱ፤ ንድፉ የባሳዋን፣ ቀለሙ የቼታር ነው። ስለዚህ «የባሳዋን ሥዕል» ሲባል ልብሱንና ዛፉን ሁሉ እሱ ቀባው ብሎ መውሰድ ያሳስታል።

ሥራው በየሳምንቱ ለንጉሡ ይቀርብ ነበር፤ እንደ ጥራቱም ሽልማት ወይም የደመወዝ ጭማሪ ይከተላል። በአክባር ልጅና አልጋ ወራሽ በጃሃንጊር ጊዜ (1605–1627) አሠራሩ ተለወጠ፤ ጥቂት የተመረጡ ሠዓሊዎች አንዱን ሥዕል ከጫፍ እስከ ጫፍ ብቻቸውን ይሠሩ ጀመር። ማንሱር በእንስሳት፣ ቢሻን ዳስ በሰው መልክ የታወቁት ያኔ ነው።

የግራር ሙጫ፦ ስለ አረንጓዴው ልመልስ። መዳብን በኮምጣጤ አዝገው የሚያገኙት ቀለም ነው። ሲቀባ እጅግ ያምራል፤ ነገር ግን መዳቡ የወረቀቱን ቃጫ ቀስ በቀስ ያቃጥላል፤ መጀመሪያ ከጀርባ በኩል ቡናማ ጥላ ይወጣል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ ይበሳል። ሰማያዊው ከአፍጋኒስታን ባዳኽሻን የሚመጣ ላፒስ ላዙሊ የተባለው ሰማያዊ ማዕድን ከሆነ ድንጋይ ነውና አይደበዝዝም። ፈተናው ወፍጮው ላይ ነው፤ ከልክ በላይ ካደቀቁት ይገረጣል፣ ሻካራ ከተዉት ደግሞ ከብሩሽ አይወርድም።

ማሰሪያው የግራር ሙጫ ነው። ሲበዛ ቀለሙ ደርቆ ይላጣል፣ ሲያንስ ጣት ሲነካው ይነሣል። ወረቀቱም አንድ ነጠላ አይደለም፤ ብዙ ሉህ በስንዴ ማጣበቂያ ተደራርቦ በአጌት ድንጋይ ይለሰልሳል። ማጣበቂያው ከጓጎለ ሲፈተግ ያብጣል። ከንድፉ በላይ ስስ ነጭ ይቀባና መስመሩ ከሥር ሲታይ እንደገና ይነደፋል። ከዚያ ቀለሙ በስሱ እየተደራረበ ይሄዳል፤ በየመሀሉ ሥዕሉን በፊቱ ለስላሳ ድንጋይ ላይ ደፍተው ጀርባውን በአጌት ይፈትጉታል። ያ ኢናሜል (በብረት ላይ የሚቀልጥ የብርጭቆ ቀለም) የመሰለ ልስላሴ ከዚህ የመጣ ነው፤ ቫርኒሽ የለበትም።

ኅዳግ፦ አንድ ማስተካከያ፤ አረንጓዴ ሁሉ የመዳብ ዝገት አይደለም። ኢንዲጎን፣ ማለትም ከዕፅ የሚገኘውን ሰማያዊ፣ ከኦርፒመንት፣ ማለትም ከአርሴኒክ ቢጫ፣ ጋር ቀላቅለውም ያወጡታል፤ ይህ ወረቀት አይበላም። ፊት ወይም ዕንቁ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካዩም የሠዓሊው ሐሳብ አይምሰልዎ፤ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራው ነጭ ቀለም በአየሩ ድኝ ጠቁሮ ነው።

ሰሎሜ፣ አንዱ ዝሆን በሁለት ሥዕል ተደግሞ ካገኙትም አይገረሙ። ብርሃን በሚያሳልፍ የሚዳቋ ቆዳ ላይ ንድፉን ገልብጠው መስመሩን በመርፌ ይበሱታል፤ የከሰል ዱቄት ሲነፋበት ነጠብጣቡ አዲሱ ወረቀት ላይ ያርፋል። ቆዳው ከተገለበጠ ዝሆኑ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይዞራል።