ቦውሊንግ ላይ ኳሱ አልታዘዝ ላላችሁ፦ የቱ ላይ ገንዘብ ይውጣ?

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ «አንድ ቀን 160 ነጥብ አመጣለሁ፣ በሳምንቱ 98፤ ምን ኳስ ልግዛ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ነው። ኳሱ ይቆይ። መጀመሪያ ጫማ ግዙ።

የኪራይ ጫማ በየሳምንቱ ሌላ ነው። አንዱ ያንሸራትታል፣ አንዱ ይይዛል። መሬቱን ያላመነ እግር ደግሞ እጅንም ያሳስታል። 50 ዶላር አካባቢ የሚሸጠው ይበቃል።

ኳስ ላይ እኔ ተሞኝቻለሁ። መጨረሻ ላይ እጥፍ የሚለውን ሪአክቲቭ ኳስ ከ200 ዶላር በላይ ከፍዬ ኦንላይን አዘዝኩ። ሲመጣ የጣት ቀዳዳ የለውም! ቸኩዬ አንድ ሱቅ ወስጄ አስበሳሁት፤ ሰውዬው እጄን በቅጡ እንኳ አልለካም። የአውራ ጣቱ ቀዳዳ ሰፋ። እንዳይወድቅብኝ ጭምቅ አድርጌ እይዛለሁ፤ የተጨመቀ ኳስ ደግሞ አንዴ ቀድሞ፣ አንዴ ዘግይቶ ነው ከእጅ የሚወጣው። በኋላ ሌላ ሱቅ አስደፍኜ እንደገና አስበሳሁት። ሁለት ጊዜ ከፈልኩ ማለት ነው።

ስለዚህ ስለ ኳስ ብራንድ፣ ስቶርም ይሻላል ብራንስዊክ እያላችሁ አትጨቃጨቁ። የሚበሳውን ሰው ምረጡ። አውራ ጣታችሁን በመለኪያው ኳስ እስከ ታች አስገብቶ፣ መዳፋችሁን ዘርግቶ፣ «ይጠብቃል? ይላላል?» ካላለ ውጡ። ቀዳዳው ውስጥ የሚለጠፍ ቴፕም ያዙ። አውራ ጣት ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም፤ ሲያብጥ አንድ ትልጣላችሁ፣ ሲቀንስ አንድ ትለጥፋላችሁ።

የመጀመሪያ ኳሳችሁ ፕላስቲክ ይሁን። ርካሽ ነው፤ ሌኑ (ኳሱ የሚንከባለልበት መንገድ) ላይ በሚቀባው ዘይትም ብዙ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጥግ ላይ የምትቀረዋን 10 ቁጥር ፒን የምትጥሉት በሱ ነው። ሂሳቡን እዩት፦ አንድም ስትራይክ (በአንድ ውርወራ ሁሉንም መጣል) ሳይኖር፣ በየዙሩ 9 ጥላችሁ የቀረችውን አንዷን በሁለተኛው ብትጥሉ፣ በመጨረሻው ተጨማሪ ውርወራም 9 ብትጥሉ፣ የቀጣዩ ውርወራ ነጥብ በየዙሩ ስለሚደመር 190 ይመጣል።

አሰልጣኝ ከፈለጋችሁ፣ የአሜሪካው የቦውሊንግ ኮንግረስ የሚሰጠው የብሮንዝ፣ የሲልቨርና የጎልድ ደረጃ አለ። ለእኛ ብሮንዙ ይበቃል። እሱንም ከመቅጠር በፊት ስልካችሁን ከኋላ አቁማችሁ ቅረጹ። እኔ ክንዴ ቀጥ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ቪዲዮው አሳፈረኝ።

ነጻው ነገር ቀስቶቹ ናቸው። ፒኖቹ 18 ሜትር ይርቃሉ፤ እነሱን እያዩ ማነጣጠር ከባድ ነው። ሌኑ ላይ፣ ከመወርወሪያው መስመር 4 ሜትር ተኩል ገደማ ርቀው፣ 7 የቀስት ምልክቶች አሉ። ቀኝ እጅ ከሆናችሁ ከቀኝ ሁለተኛዋን እዩ፣ ኳሱ በላይዋ ይለፍ። ይህ አዲስ አበባ ለምትጫወቱትም ይሠራል።

ባልቲሞር የምትሄዱ ዳክፒን የሚባለውን የቦውሊንግ ዓይነት ሞክሩ። ኳሱ ትንሽ ነው፣ ቀዳዳ የለውም፣ በየዙሩ ሦስት ጊዜ ይጣላል። ቀላል ይመስላል፤ ግን ሙሉ 300 ያመጣ ሰው እስካሁን የለም።

ልምምድ በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ይሁን። ቅዳሜ ማታ፣ በዚያ የዲስኮ መብራት፣ እንኳን ቀስት የራስ እግርም አይታይ።