የእጮኛዬ አባት ዝሆኔ አለባቸው፤ ቤተሰቦቼ «ዘር ነው» ብለው እምቢ አሉ

መምህሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ላገባት ያሰብኳት ልጅ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ገበሬ ልጅ ናት። ሽማግሌ ልንልክ ቀን ቆርጠን ነበር። አክስቴ የልጅቷ አባት ሁለቱም እግራቸው እንዳበጠ ሰማች። በቃ፣ እዚያው ቆመ። እናቴ «ከዝሆኔ ቤት? የልጅ ልጆቼን እግር ላስጨርስ?» ብላ አለቀሰች። እኔ ሰውየውን አግኝቻቸዋለሁ። ሰላም ስላቸው ቀድመው እግራቸውን በጋቢ ሸፈኑ። እውነት ይወረሳል? ይተላለፋልስ? ደህና መልስ ካገኘሁ ዛሬ ማታ ለእናቴ አነብላታለሁ።

የጎጃሟ ነርስ፦
ወንድሜ፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላትም፣ አብሮ በመተኛትም። ቆላ ላይ በትንኝ የሚመጣ ሌላ ዝሆኔ አለ፤ የደጋው ግን ከአፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር በጣም ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ በቆዳ ይገባና የእግርን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቱቦዎች ይዘጋል። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ አገራችን ታማሚዎችን እየመረመረ በሽታውን ከአፈሩ ጋር ያያያዘው።

ገጠር ጤና ጣቢያ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እግሩ አብጦ የመጣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ አላየሁም። የነጋዴ ልጅም አላየሁም። አፈሩ ያው ነው፣ ዝናቡም ያው ነው። ልዩነቱ በልጅነት ጫማ ማድረግና አለማድረግ ነው። ደግሞ ገበሬው ጫማ የለውም ማለቴ አይደለም። አለው፣ አንድ። ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን። ጫማውን በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ መጥቶ ገበያው ዳር ሲደርስ የሚያደርግ ስንት አይቻለሁ! ክረምት ሲያርስ ደግሞ ጭቃው ጫማውን ውጦ ያስቀረዋል፣ ስለዚህ አውልቆ ይገባል። ሸበጥና በረባሶ ደግሞ አፈሩን አይከለክሉም።

ላብራቶሪ፦
«ዘር አይደለም» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፣ እናትየው አያምኑም። ቤተሰብ ውስጥ ሲደጋገም አይተዋል እኮ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የወላይታ ጥናት አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለዚህ አፈር ይበልጥ ተጋላጭ እንደሆነ አሳይቷል። ግን ተጋላጭ የሆነው ሰው እግሩ ከአፈሩ ካልተገናኘ አይታመምም። ልጆችህን ከመጀመሪያው ሽፍን ጫማ አድርግላቸው፣ አለቀ።

የእናቷ ልጅ፦
እኔ የታማሚ ልጅ ነኝ። አለቀ ስትሉ ገረመኝ። እናቴን «እግርሽን በየቀኑ በሳሙና ታጠቢ፣ ቫዝሊን ቀቢ፣ ካልሲና ጫማ አድርጊ» አሏት። ምክሩ ልክ ነው፣ ይሠራል። ስትታጠብ ያ የሚያንቀጠቅጣት ትኩሳት ቀነሰላት። ግን ምንጩ ከቤታችን ቁልቁል አርባ ደቂቃ ነበር። ለእግሯ ብቻ በቀን ግማሽ ጄሪካን። የምቀዳው እኔ ነኝ። ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማርኩት ሰንፌ አይደለም። ጫማውስ? እግሯ የሚገባበት ቁጥር ገበያ ላይ የለም። ማኅበር ስትጠጣ ኩባያዋን ለብቻ ነበር የሚያስቀምጡላት፤ ኋላ ራሷ መሄድ ተወች።

እኔ ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ከተማ ነው የምኖረው፣ እግሬ ደህና ነው። ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ተጠይቄ ሁለቴም እናቴን ሲያዩ ቀርተዋል። ወንድሜ፣ አንተ እንዳትቀር።

መምህሩ፦
ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም አለች። ቆይታ «ያባቴም እናት እግሯ እንዲህ ነበር» አለችኝ። እስከ ዛሬ ነግራን አታውቅም! አባቷ ሱቅ ከፍቶ ከተማ ስለገባ እናቴ ከሕፃንነቷ ጫማ ለምዳለች።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ይሄዳሉ። እናቴ ለአባትየው ጋቢ ልትገዛ ነበር፣ አሁን ጫማ ይሁን አለች። ወላይታ ሶዶ ላይ ታማሚዎቹ ራሳቸው ላበጠ እግር የሚሆን ጫማ እንደሚሰፉ ሰምቻለሁ፤ ለእሑድ ግን አይደርስልኝም። ባህር ዳር ውስጥ በልክ የሚሠራ ጫማ ሰፊ የምታውቁ?