አንጀቱ ቀድሞ የተቆረጠ ሰው የፕሮስቴት ካንሰር ሲይዘው፦ ቀዶ ሕክምና ወይስ ጨረር?

ጠያቂው፣ ከጅማ ሂርማታ፦ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ከ11 ዓመት በፊት አንጀታቸው ተጠማዝዞ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የተበላሸው ክፍል ተቆርጦ ወጥቶላቸዋል። አሁን ደግሞ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ ፒኤስኤው (ለፕሮስቴት የሚደረገው የደም ምርመራ) 13፣ የግሊሰን ውጤቱ (የካንሰሩን ኃይለኝነት የሚያሳየው የናሙና ደረጃ) 7 ሲሆን ወደ አጥንት አልተሠራጨም ተብለናል። አንደኛው ሐኪም የፕሮስቴት ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና ይውጣ ሲሉ ሁለተኛው ጨረር ይሻላል አሉን፤ ቤተሰቡም ለሁለት ተከፍሏል።

ጡረተኛ መምህር፦ እኔ የጨረሩን ወገን እደግፋለሁ። አንዴ የተከፈተ ሆድ ውስጥ ጠባሳው አንጀትን ከአንጀት ያጣብቃል፤ በድጋሚ የሚከፍት ሐኪም የተጣበቀውን ሲያላቅቅ አንጀት ሊበሳ ይችላል። የጨረር ሕክምና በጅማ ስለተጀመረ ደግሞ እንደ ቀድሞው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ወረፋ መጠበቅ የግድ አይደለም።

ነርስ፦ መምህር፣ ስለ ጠባሳው ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ያው ጠባሳ ለጨረርም እንቅፋት መሆኑን ዘንግተውታል። ጤናማ አንጀት ስለሚንቀሳቀስ አንዱ ክፍል በየቀኑ በጨረሩ መንገድ ላይ አይገኝም፤ ጠባሳ ዳሌ ውስጥ የቸከለው አንጀት ግን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው እዚያው ሆኖ ጨረሩን ሊቀበል ይችላል፤ ጉዳቱም፣ መድማትም ሆነ መጥበብ፣ ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። በአንጻሩ ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ በታች የሚገኝ በመሆኑ፣ ከእምብርት በታች ተቀድዶ አንጀት ያለበት ከረጢት ሳይከፈት ሊደረስበት ይችላል። ስለዚህ «ሆዱ ተከፍቷልና አይነካም» የሚለው ብቻውን አያስኬድም። ወሳኙ ጥያቄ የትኛው አንጀት ተቆረጠ፣ የት ላይስ ተቀጠለ የሚለው ነው። መቀጠያው ፊንጢጣ አጠገብ ከሆነ ሁለቱም ሕክምናዎች ይከብዳሉ።

ሌላ ተሳታፊ፦ ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም በቅርብ እየተከታተሉ መቆየት፣ ለምን አይነሳም? በብሪታንያ 1,643 ወንዶች ለክትትል፣ ለቀዶ ሕክምና ወይም ለጨረር በዕጣ ተመድበው ነበር፤ በ2023 በታተመው የ15 ዓመት ውጤት ከየትኛውም ምድብ 97 በመቶ ገደማው በፕሮስቴት ካንሰር አልሞቱም።

ነርስ፦ የእነዚያ ሰዎች በሽታ የተገኘው ምልክት ሳያሳዩ በተደረገላቸው የፒኤስኤ ምርመራ ነው። ከእኛ ዘንድ ብዙዎች ሽንት ከከለከላቸው በኋላ ስለሚመጡ፣ ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ለአባታችን ማዋል ያሳስበኛል። ሆኖም ለመወሰን ጥቂት ሳምንታት መቆየት አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ ጥድፊያው ከበሽታው ይልቅ ከድንጋጤ የሚመጣ ነው።

ጠያቂው፦ እስካሁን ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። አባቴ ከሞት ይልቅ የሚፈሩት ሽንታቸው እየፈሰሰ ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረገው መታጠብ) እንዳይበላሽባቸው ነው። መስጊድ ሳይሄዱ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም።

ጡረተኛ መምህር፦ ወንድሜ፣ ይህ ከሁሉም ቀድሞ መጻፍ ነበረበት። ሽንት አለመቆጣጠር ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከጨረር ይልቅ በብዛት ይታያል፤ ጨረሩ በበኩሉ በአንጀት ላይ ይበረታል። ሽንቱን መቆጣጠር የተሳነው ሰው ለየሶላቱ ወቅት ውዱእ አድርጎ መስገድ እንደሚችል የሃይማኖቱ ሊቃውንት ያስተምራሉና፣ ሐኪም ዘንድ ከመመለሳችሁ በፊት ከኢማሙ ጋር ቢነጋገሩ ፍርሃታቸው ይቀልላል። እኔም አንጀቱ ዳሌ ውስጥ ተጣብቆ ከተገኘ የያዝኩትን አቋም እተዋለሁ።

ነርስ፦ የድሮውን የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ ሳይዛችሁ አትፈርሙ። የመውጫ ወረቀቱ «የአንጀት ኦፕሬሽን» ብቻ ስለሚል አይጠቅምም፤ ከካርድ ክፍል ሙሉ ፋይሉ ይውጣላችሁ።

ጠያቂው፦ የአባቴ የድሮ ካርድ ቁጥር እናቴ ሳጥን ውስጥ ተገኝቷል። ሰኞ ጠዋት ከአባቴ ጋር ካርድ ክፍል እንሄዳለን።