ስለ ፓስ ኢንተርፈረንስ የሚያስረዳኝ እፈልጋለሁ

የአሜሪካን ፉትቦል የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ልጄ እዚህ ሜሪላንድ ለሃይስኩሉ ይጫወታል፤ ተከላካይ ነው። አርብ ማታ ኳሷ ሳትደርስ ተቀባዩን ጎትተሃል ተብሎ ዳኛው ጥፋት ሲያይ የሚወረውረው ቢጫ ጨርቅ ተወረወረበት። ፓስ ኢንተርፈረንስ (የተወረወረን ኳስ እንዳይቀበል ተጫዋችን በጥፋት ማደናቀፍ) ነው አሉ። ቅጣቱ 15 ያርድ ሆነ። ተጋጣሚዎቹ ለፈርስት ዳውን (አዲስ አራት ሙከራ ለማግኘት) 20 ያርድ ይቀራቸው ስለነበር አላገኙትም።

እሁድ በቲቪ የኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ) ጨዋታ ሳይ ግን ለዚሁ ጥፋት ኳሷን ጥፋቱ የተሠራበት ቦታ ድረስ ወሰዷት። ከ40 ያርድ በላይ! ፈርስት ዳውንም ወዲያው ተሰጣቸው። ሕጉ እንደየደረጃው ይለያያል ማለት ነው?

ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ ይሄ ነው። ሁለቱም እየተጓተቱ ሲሮጡ ዳኛው አጥፊውን በምን ይለያል? ልጄ «ኳሷን እያየሁ ነበር እኮ እማዬ» እያለ እንቅልፍ አጥቷል። ኳሷን ማየቱ ለውጥ ያመጣል? ምን ብዬ ላስረዳው?