የፍሬን ፔዳሉ ፓራቦሊካ መጨረሻ ላይ ብቻ ለምን ይሰምጣል?

ሰላም ለሁላችሁ። የአሮጌ ስፖርት መኪና ፍሬን የምታውቁ፣ በተለይ ጀርመን ያላችሁ የሙያው ሰዎች፣ እባካችሁ ተባበሩኝ።

መኪናዬ የ1972 ሞዴል ኤምጂቢ (የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) ናት፤ ፍሬኗ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር። ጀርመን ባለው የሆክንሃይም የውድድር ትራክ ላይ ፓራቦሊካ የሚባለውን ረጅም የግራ ጥምዝ ነዳጅ እስከ ወለሉ ረግጬ እጨርሰዋለሁ። ከዚያ ጠባቡ የቀኝ መታጠፊያ ሲመጣ ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ እስከ ግማሽ ድረስ ባዶውን ይወርዳል። ደግሜ ስረግጠው ይጠነክራል፣ መኪናዋም ትይዛለች። በዚያ ፍጥነት ግን ሁለቴ ለመርገጥ ማን ጊዜ አለው?

መጀመሪያ የፍሬን ዘይቱ ፈላ ብዬ ነበር። ዶት 4 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ይችላል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ዝቅተኛው ልኩ 155 ነው። ቀየርኩት፣ አየሩንም አስወጣሁ፤ ለውጥ የለም። የፍሬን ሸራው ከመጠን በላይ ግሎ ቢሆን ደግሞ ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናዋ ነበረች እምቢ የምትለው።

አሁን የምጠረጥረው የፊት ጎማ ኩሽኔታ ነው። ከላላ ጥምዙ ላይ ዲስኩ እየተወላገደ ሸራውንና ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋል፤ የመጀመሪያው እርግጫ ያንን ክፍተት በመሙላት ብቻ ያልቃል። መካኒኬ ግን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ "ምንም የለውም" አለኝ (የቆመ መኪና ነቅንቆ!)።

ኤምጂቢ ላይ ይህን የኩሽኔታ ልቅነት በሺም (ስስ የብረት ቀለበት) ያስተካከላችሁ፣ ምን ያህል ክፍተት ተዋችሁ? ወይስ ጥፋቱ የኋላው ታምቡር ማስተካከያ ይሆን? እንዳልል ከተማ ውስጥ ፔዳሉ ፍጹም ጤነኛ ነው። እስክትመልሱልኝ ትራክ አልወጣም።